በጭስ ማውጫ ላይ የታሰረው ቴሌስኮፕ

ቀኑ ዲሴምበር 17፣ 1725 ነው። እንግሊዝ የጥንቱን የዩልዮስ አቆጣጠር ገና ስላልተወች ያ ቀን በእኛ ታኅሣሥ 21 ቀን 1718 ዓ.ም. ላይ ይውላል። ከለንደን በስተ ምዕራብ፣ በቴምስ ወንዝ ዳር በምትገኘው የኪው መንደር፣ በአንድ ትልቅ ቤት ውስጥ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለ ቄስ ቀጥ ብሎ በቆመ ረጅም ቱቦ ሥር ዓይኑን ደቅኖ ይጠብቃል። እኩለ ቀን ሊሆን የቀረው ጥቂት ነው፤ ውጭው ብርሃን ነው። ቄሱ የሚጠብቀው ግን ኮከብ ነው።

ኮከቡ ጋማ ድራኮኒስ ይባላል። በለንደን ሰማይ ላይ በየቀኑ አንድ ጊዜ ልክ በአናት ላይ ያልፋል። ደማቅ ስለሆነ ጥሩ ቴሌስኮፕ በቀን ብርሃንም ያሳየዋል። በዚያ ወር በ3፣ በ5፣ በ11 እና በ12 ተለክቷል፤ አራቱም ልኬት ተስማምቷል። በዚያ ወቅት ቦታውን ይለውጣል ተብሎ ስለማይጠበቅ እንደገና የሚለካበት ምክንያት አልነበረም። ቄሱ ያየው ለማየት ያህል ብቻ ነው። ኮከቡ ግን ቀድሞ ከነበረበት ትንሽ ወደ ደቡብ ፈቀቅ ብሎ አለፈ።

ቄሱ ጀምስ ብራድሊ ነው፤ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ፈለክ ፕሮፌሰር። የሳይንስ ታሪክ ስሙን በሚገባ ያውቀዋል። ቤቱ ግን የእሱ አልነበረም። ቴሌስኮፑም የእሱ አልነበረም። ምርመራውን የጀመረው፣ ገንዘቡን ያወጣው፣ የቤቱን ግድግዳ ለኮከብ የሰጠው ሌላ ሰው ነው፤ ባለርስት፣ የፓርላማ አባልና የቤተ መንግሥት ሰው የነበረው ሳሙኤል ሞሊኑ። ይህ ታሪክ የሁለቱም ነው፤ እኔ ግን የተረሳውን ሰው ይዤ እጀምራለሁ።

ሞሊኑ በ1689 ተወለደ። ቤተሰቡ አየርላንድ ውስጥ የታወቀ ነበር፤ በአርማ አውራጃ ካስል ዲሎን የሚባል ርስት ነበረው። አባቱ ዊልያም ሞሊኑ በደብሊን የሚኖር ሊቅ ነው፤ ስለ መነጽርና ስለ ብርሃን በ1692 መጽሐፍ አሳትሟል። ይሁን እንጂ የዊልያም ስም እስከ ዛሬ የሚነሣው ለፈላስፋው ለጆን ሎክ በጻፈው አንድ ጥያቄ ነው። ከልደቱ ጀምሮ ዓይነ ስውር የሆነ ሰው ድቡልቡሉንና ባለ ስድስት ገጹን ነገር በመዳሰስ ለይቶ ቢያውቅ፣ ድንገት ዓይኑ ቢበራለት ሳይነካቸው በማየት ብቻ የትኛው የትኛው እንደሆነ ይለያል? ዊልያም ራሱ የሰጠው መልስ «አይለይም» የሚል ነበር። ማየትም ይለመዳል፤ ዓይን ብቻውን አይበቃም ማለቱ ነው።

ጥያቄው ከቤቱ የራቀ አልነበረም። ሚስቱ ሉሲ በተጋቡ ጥቂት ጊዜ ውስጥ ዓይኗ ጠፍቶ ነበር። እሷ በ1691 ሞተች፤ ዊልያምም በ1698 ተከተላት። ሳሙኤል በ9 ዓመቱ ወላጅ አልባና ባለርስት ሆኖ ቀረ። አባቱ በሕይወት ሳለ በሎክ የትምህርት ሐሳብ ሊያሳድገው ጀምሮ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሐኪሙ አጎቱ ቶማስ ተረከበው። በደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ሲማር፣ በኋላ ታላቅ ፈላስፋ የሆነው ጆርጅ በርክሊ በ1707 ያሳተመውን የሒሳብ ጽሑፍ መታሰቢያነቱን ለዚህ ወጣት አደረገው። በ1712 ሞሊኑ የለንደኑ የሳይንስ ሊቃውንት ማኅበር፣ የሮያል ሶሳይቲ፣ አባል ሆነ።

ከዚያ በኋላ ሕይወቱን ፖለቲካ ወሰደው። በ1714 የማርልቦሮ መስፍን ወደ ሃኖቨር ቤተ መንግሥት ላከው። በዚያው ዓመት የሃኖቨሩ ገዥ ጆርጅ 1ኛ ተብሎ የብሪታንያን ዘውድ ሲጭን፣ ሞሊኑ የአልጋ ወራሹ የዌልስ ልዑል ጸሐፊ ሆነ። በ1715 ፓርላማ ገባ። በ1717 የኤሴክስ ኤርል ልጅ የሆነችውን ኤልሳቤጥ ኬፕልን አገባ፤ በ1721 የኪው ቤት በውርስ ወደ እሷ መጣ። በቤተ መንግሥትና በፓርላማ መካከል የሚመላለስ ሰው እንዲህ ያለ ቤት ሲያገኝ ግብር እያበላ ወዳጅ ያፈራበታል። ሞሊኑ ግን የሰማይ መመልከቻ አደረገው።

የያዘው ጥያቄ ትልቅ ነበር። ኮፐርኒከስ ምድር በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች ብሎ መጽሐፉን ካሳተመ፣ ከ1543 ጀምሮ፣ ወደ ሁለት መቶ ዓመት ሊጠጋ ነው። በሞሊኑ ዘመን አብዛኞቹ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት አምነውታል። ትዞራለች የሚለውን ግን በኮከብ ላይ ለክቶ ያሳየ ሰው አልነበረም።

ማሳየት የሚቻልበት መንገድ ይታወቃል። ሰው ክንዱን ዘርግቶ አውራ ጣቱን ቢያቆም፣ አንዱን ዓይኑን ጨፍኖ በሌላው፣ ከዚያም አቀያይሮ ቢያይ፣ ጣቱ ከበስተጀርባው ካለው ግድግዳ አንጻር ወዲያና ወዲህ የሚል ይመስለዋል። ምድርም በግማሽ ዓመት ውስጥ ከፀሐይ ወዲህ ማዶ ወደ ወዲያ ማዶ የምትሻገር ከሆነ፣ ቀረብ ያለ ኮከብ በዓመቱ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ማለት አለበት። ሊቃውንቱ ይህን ፓራላክስ ይሉታል።

እንግሊዛዊው ሊቅ ሮበርት ሁክ በ1669 ለንደን ውስጥ የመኖሪያ ቤቱን ጣራ ቀድዶ ቴሌስኮፕ አቁሞ ይህንኑ ጋማ ድራኮኒስን ለክቶ ነበር። አገኘሁት ብሎ በ1674 አሳተመ፤ ልኬቶቹ ግን አራት ብቻ ስለነበሩ ብዙዎች አላመኑትም። ሞሊኑ የፈለገው ያንን ሥራ ጥርጣሬ በማይተው መሣሪያ ደግሞ መሥራት ነው። የጠራው የዘመኑን ታላቅ የሰዓትና የመለኪያ መሣሪያ ሠሪ ጆርጅ ግራሃምን ነው፤ የተመልካችነት ችሎታው የተመሰከረለትን ብራድሊንም አብሮት እንዲሠራ ጋበዘ።

የግራሃም ቴሌስኮፕ ርዝመቱ 24 ጫማ፣ ማለትም ከ7 ሜትር በላይ ነው። ሰማዩን ሁሉ ለመቃኘት አልተሠራም፤ የሚያየው በአናት ላይ ያለውን ጠባብ ሰማይ ብቻ ነው። በአናት ላይ ያለ ኮከብ የተመረጠበት ምክንያት ቀላል ነው፤ ብርሃኑ አየሩን ቀጥ ብሎ ስለሚያልፍ አየር አያጣምመውም። ቱቦው የቤቱን ወለል አልፎ፣ ከጡብ በተሠራው የጭስ ማውጫ ግንብ ላይ ጥብቅ ተደርጎ ታሰረ፤ ቤቱ ውስጥ እንደ ጭስ ማውጫው ጽኑ የሆነ ነገር አልነበረምና። ከጎኑ ግንበኛ ግድግዳ እንደሚያቀናበት ያለ ቱምቢ ተንጠለጠለ። የቱቦውን ታች የሚገፋ ብሎን ነበረው፤ ብሎኑ ስንት እንደዞረ በማንበብ ኮከቡ ከቱምቢው ቀጥታ ምን ያህል እንደራቀ ይታወቃል። ተከላው ኖቬምበር 26፣ 1725 ተጠናቀቀ።

የሚለካው ነገር ምን ያህል ደቃቅ እንደሆነ ልብ እንበል። ክብ 360 ዲግሪ ነው፤ አንዱ ዲግሪ 60 ደቂቃ፣ አንዱ ደቂቃ 60 ሴኮንድ ይባላል፤ የሰዓት ሳይሆን የማዕዘን ሴኮንድ። 1 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ነገር ከ100 ሜትር ላይ ሲታይ የሚይዘው ማዕዘን 20 ሴኮንድ ያህል ነው። የኪው ሰዎች የሚፈልጉት ከዚህም ያነሰውን ነበር።

ዲሴምበር 17 ኮከቡ ፈቀቅ ሲል መጀመሪያ የተጠረጠረው መሣሪያው ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ብራድሊ እንደገና አየ፤ ኮከቡ ከ17ኛውም ቀን ይልቅ ወደ ደቡብ ርቋል። መሣሪያውን ፈተሹት፤ ጉድለት አላገኙበትም። ነገሩ ግራ የሚያጋባው ኮከቡ ስለተንቀሳቀሰ ብቻ አልነበረም። በፓራላክስ ስሌት ይህ ኮከብ ወደ ደቡብ የመጨረሻ ጥጉ ላይ ሊደርስ የሚገባው በዲሴምበር ነው፤ በዚያ ወር ቆሞ ከዚያ ወደ ሰሜን መመለስ ነበረበት። ኮከቡ ግን በዲሴምበር ወደ ደቡብ ይገሰግሳል።

እዚህ ላይ ነው የዚህ ታሪክ ልብ ያለው። ሁለቱ ሰዎች ኮከቡ ተንቀሳቅሷልና ምድር ትዞራለች ብለው ማሳተም ይችሉ ነበር። ወይም ደግሞ የማይገጥመውን ቁጥር የመሣሪያ ስሕተት ነው ብለው መጣል ይችሉ ነበር። አንዱንም አላደረጉም። ዓመቱን ሙሉ ለመጠበቅ ወሰኑ።

በ1726 የማርች መጀመሪያ ኮከቡ ከዲሴምበሩ ቦታ 20 ሴኮንድ ያህል ወደ ደቡብ ርቆ ቆመ። በኤፕሪል አጋማሽ መመለስ ጀመረ። በጁን ዲሴምበር ወደነበረበት መጣ፤ አላቆመም፤ ወደ ሰሜን ቀጠለ። በሴፕቴምበር ከማርቹ ቦታ 39 ሴኮንድ ወደ ሰሜን ርቆ ቆመ፤ ከዚያም ተመለሰ። ዲሴምበር ሲመጣ ኮከቡ ከአንድ ዓመት በፊት ወደነበረበት ደረሰ። መሣሪያው ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ሥርዓት አይኖረውም ነበር። ኮከቡ ዓመት ጠብቆ ይመላለሳል፤ የሚመላለሰው ግን ከተጠበቀው ሦስት ወር ዘግይቶ ነው።

ምናልባት የምድር ዘንግ እየነቀነቀ ይሆን? ይህን ለመፈተን በሰማዩ ተቃራኒ ወገን ያለች አንዲት ደብዛዛ ኮከብ መረጡ። የሚነቀንቀው ዘንጉ ከሆነ የሁለቱ ኮከቦች ለውጥ እኩል ሊሆን ይገባል። ደብዛዛዋ ኮከብ የተንቀሳቀሰችው የጋማ ድራኮኒስን ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ሐሳቡ ወደቀ። የምድር አየር ቅርጹ ተዛብቶ ብርሃኑን እያጣመመው ይሆን? ይህንንም መረመሩ፤ አልገጠመም፤ እሱም ወደቀ።

በዚያው በ1726 መጨረሻ ሞሊኑ ሌላ ነገር እንዲያይ ተጠራ። ጎዳልሚንግ በምትባል ከተማ የምትኖር ሜሪ ቶፍት የምትባል ድሃ ሴት ጥንቸል ትወልዳለች የሚል ወሬ ቤተ መንግሥት ደረሰ። ኖቬምበር 15 የንጉሡ የአካል ጥናት ሐኪም ናታንየል ሴንት አንድሬና ሞሊኑ አብረው ሴትዮዋ ወደተወሰደችበት ወደ ጊልፎርድ ሄደው አዩዋት። ሴንት አንድሬ በዓይኔ ያየሁት ነው ብሎ በዲሴምበር መጀመሪያ አሳተመ። ሴትዮዋ ለንደን መጥታ ስትጠበቅ ግን በድብቅ ጥንቸል ልታስገባ ስትሞክር ተደረሰባት፤ ዲሴምበር 7 ማታለሏን አመነች። ሠዓሊው ሆጋርት ነገሩን በሥዕል አወጣው፤ ሞሊኑም የሕዝብ መሳለቂያ ከሆኑት አንዱ ሆነ።

ይህን የጻፍኩት ሰውየውን ለማሳነስ አይደለም። የአባቱ ጥያቄ በልጁ ሕይወት የተመለሰው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። ጊልፎርድ የሄደውና ኪው ላይ ኮከብ የሚጠብቀው ያው አንድ ሰው፣ ያው ሁለት ዓይን ነው። ጊልፎርድ ውስጥ ዓይን ብቻ ነበር። ኪው ላይ ግን ቱምቢ ነበር፣ ብሎን ነበር፣ ነገ መጥቶ ደግሞ የማየት ልማድ ነበር፣ ሐሳቡን የሚፈትን ሁለተኛ ኮከብ ነበር። ዓይን ያያል፤ እንዲፈርድ ግን መፈተኛ ያስፈልገዋል።

በ1727 ጆርጅ 1ኛ ሞተ፤ አልጋ ወራሹ ጆርጅ 2ኛ ተብሎ ነገሠ። የጸሐፊውም ዕጣ ከፍ አለ፤ ሞሊኑ የባሕር ኃይሉን ከሚመሩት ሹማምንት አንዱ ሆነ። ለኮከብ የሚተርፈው ጊዜ አነሰ። ብራድሊ ግን ሊያቆም አልቻለም። ለንደን አቅራቢያ ባለችው ዋንስቴድ ውስጥ የሟቹ አጎቱ ባለቤት በምትኖርበት ትንሽ ቤት፣ ጣራና ወለል ተበስቶ፣ ግራሃም ሌላ ቴሌስኮፕ ተከለለት። ይህኛው ርዝመቱ 12 ጫማ ተኩል ብቻ ቢሆንም ከአናት ወዲያና ወዲህ ስድስት ዲግሪ ተኩል ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ስለሚያይ ብዙ ኮከቦችን ማነጻጸር ያስችላል። ሥራውን ኦገስት 19፣ 1727 ጀመረ። በዓመቱ አንድ ሕግ ተገለጠለት፤ እያንዳንዱ ኮከብ የመጨረሻ ጥጉ ላይ የሚደርሰው ጠዋት ወይም ማታ በእኛ 12 ሰዓት አካባቢ በአናት ላይ በሚያልፍበት ወቅት ነው። ሕጉ ታወቀ፤ ምክንያቱ ግን አልታወቀም።

ሞሊኑ ምክንያቱን ሳይሰማ ሞተ። በ1728 ፓርላማ ውስጥ ሳለ ድንገት ታመመ፤ ያስታመመው ያው ሴንት አንድሬ ነበር። ኤፕሪል 13 በ38 ዓመቱ አረፈ። መበለቲቱ ከሴንት አንድሬ ጋር ሄደች፤ በ1730 ተጋቡ። የሞሊኑ ዘመድ መርዝ ጠረጠረ፤ ሐኪሙ በስም ማጥፋት ከስሶ ረታ። በዚያው በ1728 ቼስልደን የተባለ የለንደን ቀዶ ሐኪም፣ ዓይኑን ከሞራ ያላቀቀው አንድ ልጅ መጀመሪያ ላይ የሚያየውን ነገር በማየት ብቻ ለይቶ ማወቅ እንዳልቻለ አሳተመ። የዊልያም ሞሊኑ መልስ ልጁ ሳሙኤል በሞተበት ዓመት ምስክር አገኘ።

የኮከቡ መልስ የመጣው በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ነው። ብራድሊ በቴምስ ወንዝ ላይ ከሰዎች ጋር በጀልባ ይንሸራሸር ነበር ይባላል። በጀልባዋ ምሰሶ ጫፍ ነፋስ አመልካች አለ። ጀልባዋ አቅጣጫ በቀየረች ቁጥር አመልካቹም ትንሽ ዞር ይላል። ነፋሱ ጀልባዋን እየጠበቀ የሚዞረው ለምንድን ነው ብሎ መርከበኞቹን ጠየቀ። እነሱም ነፋሱ አልተለወጠም፣ የተለወጠው የጀልባዋ አካሄድ ነው አሉት።

የኮከቡ ነገር በዚያ ተፈታ። ነፋሱ የኮከቡ ብርሃን ነው፤ ጀልባዋ ምድር ናት። ዝናብ ቀጥ ብሎ ሲወርድ የቆመ ሰው ጃንጥላውን ቀጥ አድርጎ ይይዛል፤ ቢሮጥ ግን ዝናቡ ከፊቱ ስለሚመጣበት ጃንጥላውን ወደ ፊት ያዘነብላል። ብርሃንም ከአናት ቀጥ ብሎ ቢወርድ፣ ምድር በፀሐይ ዙሪያ እየሮጠች ስለሆነ ቴሌስኮፑ ትንሽ ወደምትሮጥበት መዘንበል አለበት። ከስድስት ወር በኋላ ሩጫዋ ወደ ተቃራኒው ይሆናል፤ ቴሌስኮፑም ወደ ተቃራኒው ይዘነብላል። ሦስት ወር የዘገየበትም ምክንያት ይኸው ነው፤ ፓራላክስ የሚከተለው ምድር ያለችበትን ቦታ ነው፤ ይህ ግን የሚከተለው የምትሄድበትን አቅጣጫ ነው።

ልኩም ገጠመ። ምድር በሴኮንድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳለች፤ ብርሃን 300,000 ያህል። የምድር ፍጥነት ከብርሃን ፍጥነት 10,000 እጅ አንዱ ነው፤ ያ ንጽጽር በማዕዘን ሲሰላ 20 ሴኮንድ ተኩል ገደማ ይሆናል። ኪው ላይ ኮከቡ ወደ አንድ ወገን የራቀው ይህንኑ ያህል ነበር። ብራድሊ ከዚህ ተነሥቶ ብርሃን ከፀሐይ ምድር ለመድረስ 8 ደቂቃ ከ12 ወይም 13 ሴኮንድ እንደሚፈጅበት አሰላ፤ ዛሬ የሚታወቀው 8 ደቂቃ ከ19 ሴኮንድ ነው። ለሥነ ፈለክ ሊቁ ለኤድመንድ ሃሌይ የጻፈው ደብዳቤ በጃንዋሪ 1729 በሮያል ሶሳይቲ ተነበበ። ምድር ለመንቀሳቀሷ ከሰማይ የተገኘ የመጀመሪያው ቀጥተኛ ማስረጃ ይህ ነው።

ሞሊኑ የፈለገው ፓራላክስስ? በመሣሪያቸው ሊታይ ከቶ አይችልም ነበር። የጋማ ድራኮኒስ ፓራላክስ ከአንድ ሴኮንድ 100 እጅ ሁለቱ ያህል ነው። የማንኛውም ኮከብ ፓራላክስ በአስተማማኝ ሁኔታ ተለክቶ የታወጀው በ1838 ነው፤ ለኪው የቀረው ከመቶ ዓመት በላይ ነበር። ሞሊኑ ፍለጋውን በጀመረበት ቦታ የፈለገውን አላገኘም። ሌላው ሊገኝ የቻለው ግን ያንን ለመፈለግ የሚበቃ ጽኑ መሣሪያ ስለተሠራ ነው። የምድር ዘንግ መነቅነቅም ሐሰት አልነበረም፤ ብራድሊ ብዙ ዓመት ጠብቆ፣ ከዚህ እጅግ ያነሰና ከ18 ዓመት በላይ የሚፈጅ ንቅናቄ እንዳለው በ1748 አስታወቀ።

የኪው ቤት በ1802 ፈረሰ። ግቢው ዛሬ በዓለም የታወቀው የኪው የዕፅዋት አጸድ ክፍል ነው። ንጉሥ ዊልያም 4ኛ በኋላ ኮከቡ የተለካበትን ቦታ ለማስታወስ እዚያ የፀሐይ ሰዓት አስተከለ።

በቤተ ሙከራ፣ በእርሻ ማሳ፣ በሐኪም ቤት መዝገብ ላይ የምትሠሩ ወጣቶች፣ ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ያዙ። ከተጠበቀው ጋር የማይገጥም ቁጥር ስታገኙ፣ አለቃ ወይም መምህር ይቆጣል ብላችሁ አትሰርዙት። ቀኑን ጻፉበት፤ መሣሪያውን ፈትሹ፤ ነገ ደግማችሁ ለኩ። ሞሊኑና ብራድሊ ያንን የዲሴምበር 17 ቁጥር ሰርዘውት ቢሆን ኖሮ የኪው ኮከብ ምስጢሩን ይዞ ያልፍ ነበር።